ከመስኮቱ በላይ የነበረው የቀለም ቀንድ

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ገብረ ሥላሴ፣
ጋይንት፣ ቤተ ልሔም።

አባቴ፣ እንዴት ከረሙልኝ? ከጥር ወዲህ ዓይንዎን ሳላየው ይኸው ሰኔ ገባ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቁልቁለቱን ሲወርዱ የሚያስቸግርዎ የግራው ጉልበትዎ ቅዝቃዜው ሲመጣ አልጠናብዎትም? ሳሉስ ለቀቀዎት? ለማኅሌት ሲቆሙ ድምፅዎ እንደ ድሮው ይወጣልዎታል? እህል ይበላልዎታል? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? ከሁሉም በላይ ሐሳብዎ እንዴት ሰነበተ? ይህን የመጨረሻውን የጠየቅሁት በምክንያት ነው፤ ወደ ታች ሲያነቡ ያገኙታል።

እኔ በፈጣሪ ቸርነት፣ በእርስዎም ጸሎት፣ ሰውነቴ ደህና ነው። አፌን ሞልቼ ደህና ነኝ ልል ስል ግን እጄ እንቢ ይለኛል። ይህ አራተኛው ወረቀት ነው፤ ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ። በአንደኛው ስለ ዝናቡ ብቻ ጽፌ ጽፌ ጨረስሁት። ልጅቷ ስልክ እያላት ደብዳቤ ምን አመጣው ይሉ ይሆናል። በወንድሜ በአድማሱ ስልክ ሁለት ጊዜ አግኝቼዎት ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ድምፅዎን ስሰማ ስለ ጉልበትዎ ጠይቄ ዘጋሁት። በአፌ የማይወጣልኝን ነገር እርስዎ ባስተማሩኝ ፊደል ልሞክረው ብዬ ነው።

ከደህናው ወሬ ልጀምር። እዚህ መካነ ኢየሱስ ዝናቡ በጊዜው ጥሏል፤ ገበሬው ሁሉ በሬውን ይዞ ወጥቷል። የሐዋርያት ጾም ስለገባ ኬክ የሚጠይቅ የለም፤ የጾም ዳቦ ብቻ እየጋገርሁ እውላለሁ። ቤቷ ያችው የተከራየኋት ጠባብ ቤት ናት፤ ጣሪያዋ ማፍሰሱን ትቷል።

ሥራዬን እርስዎ በደንብ አላወቁልኝም። አንዴ ስነግርዎ፣ ዳቦ ላይ ቀለም ምን ያደርጋል፣ ዳቦ ይነበባል እንዴ ብለው አሳቁን። ዛሬ ግን በደንብ ልንገርዎ፣ አለዚያ ጥፋቴ አይገባዎትም። ኬክ ማለት እንቁላልና ስኳር የገባበት ለስላሳ ዳቦ ነው። ላዩን የምንቀባው ክሬም ከለጋ ቅቤ ነው የሚሠራ። ቅቤው በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሞ ይታጠብና ከላመ ስኳር ጋር ክንድ እስኪዝል ይመታል። ሲመታ እየነጣና እየቀለለ ይመጣል። ከዚያ ነው ቀለም የሚገባበት። ለምግብ ተብሎ የሚሸጥ ቀለም አለ፤ በትንንሽ ብልቃጥ ከባሕር ዳር ያመጡልኛል። ቅቤ ግን ከራሱ ቢጫ ይዞ ስለሚመጣ ዝም ብሎ አይታዘዝም። ሰማያዊ ሲጨምሩበት አረንጓዴ ይሆናል፣ ቀይ ሲጨምሩበት ወደ ብርቱካን ይሸሻል። ከወገዳ የሚመጣልኝ ቅቤማ የእንቁላል አስኳል ነው የሚመስል።

እኔ ግን ቀለም ማግባት አውቅ ነበር። በዚህ ከተማ ማንም አያህለኝም ብዬ እኮራም ነበር። ከማን እንደተማርሁት ያውቁታል። ልጅ ሳለሁ ለብራና ጽሕፈትዎ ቀለም ሲበጠብጡ አጠገብዎ ቁጭ እያልሁ፣ በጥቂቱ ጨምሪ፣ ዛሬ ያየሽው መልክ የነገው አይደለም፣ አሳድሪውና ጠዋት እይው ይሉኝ ነበር። ክሬምም እንዲሁ ነው፤ ሲያድር ይደምቃል። የሚቸኩል ሰው ማታ ቀላ አልል አለኝ ብሎ ይጨምርና ጠዋት ጠቁሮ ያገኘዋል። እኔ አልቸኩልም ነበር። ያስተማሩኝን ሁሉ ኬክ ላይ አዋልሁት፤ እስከዚህ ድረስ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ባለፈው ጥር ብሩክታዊት የምትባል የዚህ ከተማ መምህርት ለሠርጓ ኬክ አዘዘችኝ። ነጭ ሆኖ፣ ላዩ በቀያይ ጽጌረዳ የተሞላ፣ መሐሉ ላይ የእርሷና የሙሽራዋ የፊልጶስ ስም በቀይ የተጻፈበት። ቀዩ ደግሞ ዝም ብሎ ቀይ አይደለም። ከሚዜዎቿ ቀሚስ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ አምጥታ፣ ከዚህ እንዳይለይብኝ አለችኝ። ጨርቁ የበሰለ ቀይ ነው፣ ጠለቅ ያለ። እኔም ሳላስብ፣ ይቺ ለእኔ ምን አላት አልኋት። ከባሕር ዳር የሚመጣው ቀለም በመንገዱ መዘጋት ቀረብኝ። ቀይ ሥር ቀቅዬ ውኃውን ጨመርሁበት፤ የሕፃን ካልሲ የመሰለ ሐምራዊ ሆነ። ይቅላ ብዬ ውኃውን ሳበዛው ቅቤው አልቀበል ብሎ እንደ አይብ ተቆራረሰ። ከርከዴ አፍልቼ ብሞክር አመድ መሰለ። በርበሬም ሳይቀር አስቤ ነበር፤ እንኳንም ተውሁት። ለልጅቷ ግን አልሆነልኝም ማለት ሞት መሰለኝ። ቃሌን ሳይሆን ስሜን ነበር የምጠብቅ።

በዚህ መሐል ነው ለእናቴ ሙት ዓመት ወደ እናንተ የመጣሁት። ጨርቁ በቦርሳዬ ነበር። ጥር 14 ቀን፣ ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ሰዉ ዳሱ ውስጥ ሲበላ፣ እኔ ሰሐን ላመጣ ወደ እርስዎ ክፍል ገባሁ። ከመስኮቱ በላይ፣ ከዳዊትዎ በስተቀኝ፣ የቀይ ቀለሙ ቀንድ ቆሟል። ክዳኑን ከፍቼ ጨርቁን አስጠጋሁት። ልክ እርሱ ነው፣ አንድም የሚጎድለው የለ። ከሜዳ ከተለቀመው አበባና ሥር እናቴ እሳቱን እየቆሰቆሰች፣ እርስዎ እያማሰሉ ቀቅላችሁ በፀሐይ ያደረቃችሁት የመጨረሻው ቀለም እንደሆነ አውቄያለሁ። ለምን እንዳኖሩትም አውቄያለሁ። ለእናቴ መታሰቢያ ብለው በሚጽፉት ተአምረ ማርያም የእመቤታችን ስም ጋ ሲደርሱ ቦታውን ባዶ እየተዉ በጥቁሩ ይቀጥሉ ነበር። ቀዩን በመጨረሻ በአንድ ትንፋሽ እሞላዋለሁ እያሉ ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ቀንዱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ለራሴ ያልሁትን ልንገርዎ። ጥቂት ብቻ ቆንጥሬ ለፋሲካ ስመጣ ከቦታው እመልሰዋለሁ አልሁ። መጽሐፉ ገና ነው፣ እስከዚያ አይፈልጉትም አልሁ። ብጠይቅዎ እንደማይሰጡኝ ስለማውቅ ነው ያልጠየቅሁዎት፤ እርሱን ግን ለራሴም አልነገርሁት።

ቤቴ ገብቼ የደረቀውን ቀለም በሙቀጫ አላምሁት፣ በነጠላ ጨርቅ ነፋሁት። ሰው እንዳይጎዳብኝ ፈርቼ ቀድሜ ራሴ ቀመስሁ፤ ልጅ ሆኜ በጣቴ ስልሰው ምንም አልሆንሁም ነበር። መረረኝ። ስኳሩ ይሸፍነዋል አልሁ። በጥቂት ቅቤ ለውሼ ጨመርሁ፣ መታሁት፣ ሐምራዊ ሆነ። እንደገና ጨመርሁ። ጥቂት የተባለው አለቀና ሌላ ጥቂት፣ ከዚያም ሌላ። ቅቤው መጠጣቱን አልተወም፣ እኔም መጨመሬን አልተውሁም። ቀንዱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቆም ብዬ አሳደርሁት። ጠዋት ስከፍተው ጨርቁ ራሱ ነው፣ አይለይም። አባቴ፣ ደስ አለኝ። የዚያን ጠዋት ደስታዬን ሳስታውስ ዛሬ ፊቴን የት ላድርገው እላለሁ። ከዚያ ጽጌረዳዎቹን ሠራሁ፣ በመሐሉ ላይ በእርስዎ ቁም ጽሕፈት አስመስዬ ብሩክታዊትና ፊልጶስ ብዬ ጻፍሁ። በእርስዎ ቤት በቀይ የሚጻፈው የማን ስም እንደሆነ እያወቅሁ ነው የጻፍሁት።

ሠርጉ ጥር 25 ቀን ነበር። ኬኩ ሲገባ ሰዉ ሁሉ ስልኩን አወጣ። ሙሽራዋ ጨርቁን ከጽጌረዳው ጋር አስጠግታ አየችና አቀፈችኝ። ተቆርሶ ሲታደል ግን መራራውን ስኳሩ አልሸፈነውም ነበር። አንዲት ትልቅ ሴት አንዴ ጎርሰው በመሐረባቸው አፋቸውን ሲጠርጉ አየኋቸው። ሌላውም ነጩን እየበላ ቀዩን በማንኪያ ወደ ሳህኑ ጠርዝ ገፋው። ሰው አክባሪ ነውና ማንም ምንም አላለኝ፤ ማንም አልታመመም፣ ተመስገን። ሳህን ላነሣ ስዞር ግን ያ ቀለም በየሳህኑ ጥግ ተገፍቶ ነበር። ዕቃ የሚያጥቡት ሴቶች ከአጥንቱና ከፍርፋሪው ጋር ደባልቀው ገንዳ ውስጥ ደፉት። እኔም ቆሜ አየሁ። የእመቤታችን ስም ሊሆን የነበረው፣ እናቴ እሳት የቆሰቆሰችለት፣ ለውሻ ተጣለ። ስለ ኬኩ እስከ ዛሬ ያመሰግኑኛል። ፎቶውን ያዩ ሁሉ እንዲያ ያለ ቀይ ከየት አመጣሽው ይሉኛል፤ እኔም ሚስጥር ነው እያልሁ እስቃለሁ።

ባዶውን ቀንድ ምን ብዬ ልመልሰው? መንገዱ ተዘግቷል ብዬ ለፋሲካ ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር ከጥር ወዲህ መንገዱ ሦስት ጊዜ ተከፍቷል። ሦስቱንም ጊዜ አውቶቡሱ በደጄ ሲያልፍ ቆሜ አይቼዋለሁ።

በግንቦት አድማሱ ማረሻ ሊገዛ ወደዚህ መጣ። ሻይ ቀድቼለት ስለ ቤቱ ስጠይቀው፣ ስለ ቀንዱ ያወራኝ ጀመር። እርስዎ፣ ከመስኮቱ በላይ ነው ያኖርሁት እያሉ ቤቱን ሁሉ ገለበጡት አለኝ። ሣጥኑን፣ አልጋውን፣ የገብሱን ጎታ ሳይቀር። አይጥ ጎትቶት እንደሆነ ብለው የግድግዳውን ቀዳዳ ሁሉ በዘንግ ፈተሹ አለኝ። አክስታችን እማሆይ ታደለች ከአመዱ ክምር ስር እየጫሩ ፈለጉ አለኝ። በመጨረሻ እርስዎ፣ በእጄ አኑሬ እጄ የት እንዳኖረ ካላወቀ፣ በዚህ እጅ የእመቤቴን ስም አልጽፍም ብለው ብራናውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ብርዑን ከውስጡ ከተው ሰቀሉት አለኝ። ከዚያ ወዲህ የሣጥኑን ቁልፍ እህቴ ስንታየሁ ይዛዋለች። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መንገዱ እንዳይጠፋዎት የልጅ ልጅዎ ሣራ እጅዎን ትይዛለች። ዳዊትን ከነትርጓሜው በቃልዎ የሚያስኬዱት እርስዎ፣ ሰው ሲያናግርዎ መጀመሪያ ወደ አድማሱ ይመለከታሉ አለኝ፣ የምመልሰው ልክ ነው ወይ ለማለት ያህል።

ይህን ሲነግረኝ ቀንዱ ከኋላችን መደርደሪያው ላይ፣ ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ ነበር። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። አድማሱ፣ እርጅና ሳይሆን አይቀርም፣ አንቺስ ምን ታያለሽ አለኝ። አባቴ፣ አሁን የምጽፈውን ሲያነቡ ቢረግሙኝ አይፈረድብዎትም። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አዎ፣ ለሙት ዓመቱ ስመጣም ጌጤ ብለው ጠርተውኛል፣ ያኔ ነው የጠረጠርሁት አልሁት። አድማሱ አንገቱን ደፋ። በእናቴ ሙት ዓመት፣ የእናቴን ነጠላ ለብሼ በጓሮ በር ስገባ፣ በእናቴ ስም ቢጠሩኝ ምን ያስገርማል? ያን ጊዜ ሲጠሩኝ ሆዴ ባብቶ አልቅሼ ነበር። ያችኑ ቃል ወስጄ መሰከርሁብዎት። ቀለምዎን ስሰርቅዎ ዕቃዎን ነው የወሰድሁት፤ ያን ቀን ግን አእምሮዎን ነው የወሰድሁት።

አድማሱ ከሄደ በኋላ እንጀራ አልበላ አለኝ። ለንስሐ አባቴ ለቄስ ሞላ ነገርኋቸው። ቀኖና ይሰጡኛል፣ ሰግጄ ጾሜ ይቀልለኛል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን፣ እኔ የጠፋብኝ ነገር የለም፣ መጀመሪያ ለጠፋበት ሰው ንገሪ፣ ስግደቱ ከዚያ በኋላ ነው አሉኝ። ለጉባኤ ወደ ቤተ ልሔም ስለሚመጡ ይህን ደብዳቤና ቀንዱን የላክሁት በእርሳቸው እጅ ነው። ቀንዱን ያኔ በጠቀለልሁበት ነጠላ ጠቅልዬዋለሁ።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። መጀመሪያ ለብቻዎ ያንብቡት። ከዚያ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ለአድማሱ ይስጡትና ጮክ ብሎ ያንብበው። አንዲት ቃል እንዳይዘልል። እንዲህ የምለው ደፍሬ አይደለም፤ እርሱ ሲያነበው እያንዳንዱን ፊት ከዚህ ሆኜ ይታየኛል፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝም እወድ ነበር። ግን በሰው ፊት ነው ዘነጉ የተባሉት፣ በሰው ፊት ነው መመለስ ያለበት።

በቀንዱ ሥር የደረቀ ጥቂት ቀርቷል። ከጥር ወዲህ አልነካሁትም። በውኃ ቢያርሱት ለአንዲት ስም የሚበቃ ይመስለኛል፣ ከዚያ አያልፍም። የማንን ስም እንደሚጽፉበት እርስዎ ያውቃሉ። ለቀረው፣ ጾሙ ሲፈታ ቤቱን ዘግቼ መጥቼ አበባውንና ሥሩን እለቅማለሁ፣ እሳቱንም እናቴ ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ሆኜ እቆሰቁሳለሁ። እምቢ፣ ደጄን እንዳትረግጪ ካሉኝ ደግሞ ለቅሜ በቄስ ሞላ እልካለሁ፣ እርስዎ ራስዎ ያፍሉት። ይቅር ይበሉኝ ለማለት ገና አልደፈርሁም። እርሱን ፊትዎ ቆሜ ነው የምለው፣ ካስገቡኝ።

ለወንድሜ ለአድማሱ፦ እስከዚህ ያነበብኸው አንተ ነህና ድምፅህ ካልከዳህ ጨርሰው። ሻዬን ጠጥተህ ሲመሰክር የሰማኸው አፍ ውሸታም ነበር። ማረሻው ጠነከረልህ ወይ? በሬዎቹ እንዴት ናቸው?

ለስንታየሁ፦ እህቴ ሆይ፣ ለአባታችን ያሰብሽ መስሎሽ ያደረግሽው ነው፣ አንቺ ምንም ጥፋት የለብሽም። አሁን ግን ተነሺና ቁልፉን በእጃቸው ስጫቸው። ይህ ደብዳቤ እየተነበበ ስጫቸው።

ለሣራ፦ የእኔ ልጅ፣ የአያትሽን እጅ መያዝ ከወደድሽ ስለምትወጃቸው ያዢ እንጂ መንገድ ልታሳዪያቸው አይሁን። መንገዱን እርሳቸው ያውቁታል፤ እኔንም በዚያው መንገድ እጄን ይዘው ነው ፊደል ያስቆጠሩኝ።

ለእማሆይ ታደለች፦ ከአመድ ስር በጫሩበት እጅዎ ለእኔም ይጸልዩልኝ፣ ጉልበትዎን እስማለሁ።

አባቴ፣ ጉልበትዎን እየሳምሁ ልጨርስ። ቤቱን ሁሉ ገልብጠው የፈለጉት ቀንድ እርስዎ እንዳሉት ከመስኮቱ በላይ፣ ከዳዊቱ በስተቀኝ ነበር። ያኖሩት እዚያ ነው። እጅዎ አልረሳም።

ከዚያ ያነሣሁት እኔ ልጅዎ
የኔነሽ ገብረ ሥላሴ

መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.